ከዳር ወደ መሀል

የስንዴ ማሳ ከዳር ወደ መሀል ከታጨደ፣ ውስጡ ያለው ፍጥረት ሁሉ ወጥመድ ገባ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ ቆሞ ማየት ይበቃል። ማጨጃው ዙሪያውን በዞረ ቁጥር ቆቁም፣ ድርጭቱም፣ ጥንቸሉም፣ አይጡም ወዳልታጨደው ይሸሻል። ያልታጨደው ደግሞ እያነሰ እያነሰ ይሄድና በመጨረሻ ከአንድ ሳሎን የማይበልጥ ስንዴ ሜዳው መሀል ተገትሮ ይቀራል። የማሳው ነዋሪ በሙሉ እዚያ ውስጥ ተፋፍጎ ይገኛል። ዙሪያው የተላጨ መሬት ነው፤ መደበቂያ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ዱላ ይዞ መቆም ብቻ ነው። ጀግንነት አይጠይቅም፣ ሩጫም አይጠይቅም። ጀግናም ሯጭም ያልሆኑ ሰዎች የሚወዱት ለዚሁ ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከመሀል ወደ ዳር ነው ያሳጨደው። በማጭድ ጊዜም እንደዚያ፣ ኮምባይነር ከመጣ በኋላም እንደዚያ። መጀመሪያ ማሳውን ለሁለት የሚከፍል አንድ መስመር ያስገባል፤ ከዚያ መሀሉን እያሰፋ ወደ ውጭ ይወጣል። አጫጆቹ ያጉረመርሙ ነበር። መስመሩ ሲገባ ጥቂት ስንዴ ይረጋገጣል፣ መታጠፊያውም አይመችም። አባባ ግን ጆሮ አይሰጣቸውም። "የሰው ቤት ስታፈርስ በሩን አትዝጋበት" ይላል፤ አለቀ።

እንዳትሳሳቱ፣ አባቴ ለአውሬ የሚያለቅስ ሰው አይደለም። ጎተራ የገባን አይጥ አይምርም። ድንቹን እየቆፈረ ያስቸገረውን ጃርት አድፍጦ ጠብቆ በአካፋ ደፍቶታል፤ ቅንጣት አልጸጸተውም። ግን ደግሞ "ሲሰርቀኝ አግኝቼው መምታትና፣ ቤቱን አፍርሼበት ሲሰደድ መንገድ ዘግቼ መምታት አንድ አይደለም" ይላል። ትልልቅ ሕግ አዋቂዎች ሲከራከሩ በሬዲዮ እሰማለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ሕግ እስካሁን አልሰማሁም።

አሁን አባባ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ልቡም ደክሟል። አልጋው ከማሳው ፊት ለፊት ባለው መስኮት ሥር ነው። እኔ ከእሱ ቀጥሎ ባለው ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። በመሀላችን ያለው በር አይዘጋም፤ ሲጠራኝ የስፌት መኪናው ድምፅ እንዳይጋርደው እግሬን ከፔዳሉ ላይ ቶሎ ቶሎ ማንሳት ለምጃለሁ። መድኃኒቱን የምሰጠው እኔ ነኝ። የማጥበውም፣ ጢሙን የምላጨውም፣ አንሶላውን የምቀይረውም እኔ ነኝ። ማሳው ላይ ግን የሚያዘው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ከተማ ያለ ቢሮ ይሠራል፣ ለዘርና ለአጨዳ ብቅ ይላል። ለምን እሱ ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ወንድ ነዋ! የእኔ ግዛት ከምድጃው እስከ አልጋው ነው፤ ድንበሩን ማን እንደለካው እንጃ።

ቤተሰቡ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠራኝ ሳማ እያለ ነው፤ የነካኝን ስለምለበልብ። ሳማ ከበቀለበት ተነስቶ ማንንም ሄዶ እንደማይነካ ግን የሚያስተውል የለም።

የአጨዳው ዋዜማ ከሰዓት ላይ ወንድሜ መጣ። አባባ ክፍል ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ የኮሌታ ቁልፍ እየተከልኩ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ያልሰማሁት ቃል የለም።

"ኮምባይነሩ መቼ ይገባል?" አለው አባባ።

"ነገ ጠዋት ነው አባባ። ከባለቤቱ ጋር ጨርሻለሁ።"

"ከመሀል ነው የሚከፈተው።"

"እንዴ አባባ! ይሄም ይነገራል? ከመሀል ነው እንጂ።"

"ቃልህን ስጠኝ።"

"ቃሌን። ምን ነካህ አባባ፣ መቼ ነው ከቃልህ ወጥቼ የማውቀው?" አለና ግንባሩን ሳመው። አባባ በዚያ ከሲታ ፊቱ ፈገግ አለ። ወንድሜ ሲወጣ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎኝ አለፈ። ደስ ብሎት ነበር። እኔም፣ ሞኟ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የኮምባይነሩ ድምፅ ሲነሳ ሸሚዝ ላይ እጅጌ እየገጠምኩ ነበር። ቀና ብዬ በመስኮት ሳይ ያ ትልቅ ማሽን አጥሩን ታክኮ እየዞረ ነው። መጀመሪያ ለመግባት የሚመች ቦታ የሚፈልግ መሰለኝ። እጅጌውን ጨርሼ ድጋሚ አየሁ። ዳር ዳሩን እንደ ፀጉር አስተካካይ ቆርጦ ሁለተኛውን ዙር ጀምሯል።

"ገባ?" አለ አባባ ከአልጋው።

"ገባ።"

"ከመሀል ነው አይደል?"

ውሸት ጉሮሮዬ ላይ መጥታ ቆመች፤ አልዋጥኳትም፣ አልተፋኋትም። "ቆይ ወጥቼ ልየው" አልኩና ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ ሮጥኩ።

ባለ ኮምባይነሩ ወጣት አይደለም፤ የአቧራ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከከፍታው ላይ ቁልቁል አየኝ። ሞተሩን ዝቅ አደረገልኝ እንጂ አላጠፋም።

"ከመሀል ነበር እኮ የተባለው!" አልኩት።

"እኔ ምን አገባኝ እህቴ? ወንድምሽ ናቸው ዙሪያውን ግባ ያሉኝ። መጨረሻ ላይ ትንሽ አስተርፈህ አቁም፣ እንግዶች አሉ ብለዋል።"

"ምን ዓይነት እንግዶች?"

"ዱላ የሚይዙ" አለና መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደው።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ደሜ ከእግሬ ጥፍር እስከ ራሴ ፈላ። ወንድሜ ቃሉን ረስቶ አይደለም። ባለ ኮምባይነሩም ተሳስቶ አይደለም። ቃሉን ሲሰጥ እንግዶቹን ጠርቶ ጨርሷል። ያቺ ግንባር ላይ ያረፈች ከንፈር እያወቀች ነው ያረፈችው።

ወንድሜ እንግዶቹን ሊያመጣ ሄዷል፤ ለአባባ የምለው ጠፍቶኝ ደጅ ቆየሁ። እኩለ ቀን ላይ ሁለት መኪና መጣ። ሰዎቹ እየተሳሳቁ ወረዱ። መሀላቸው ወንድሜ ሲቅለሰለስለት ያየሁት ሰው አለቃው መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አዲስ ቦት ጫማ አድርጓል። ከላይ የደረበው ሰደርያ ደግሞ ከፊትም ከኋላም ኪስ በኪስ ነው፤ አንዱም ኪስ ምንም አልያዘም። ስፌቱም የማይረባ ነው፣ ብብቱ ላይ ተሸብሽቧል። ሌሎቹ አጥራችን ላይ ያለውን ቅርንጫፍ እየገነጠሉ ዱላ አበጁ። አጥሩን ያሰርኩት እኔ ነበርኩ፤ አስፈቅዱኝ ማለት ግን ለማን? አንዱ የመጥረቢያ እጀታ ከቤቱ ይዞ መጥቷል። ቀድሞ ያሰበበት ሰው ነው።

ወንድሜን ከመሀላቸው ጠራሁት። ወደ መኪናው ጀርባ ይዞኝ ዞረ፤ ክርኔን ጨምድዶ ነው የያዘኝ።

"ጋሼ፣ ትናንት ለአባባ ምን ብለህ ነው ቃል የሰጠኸው?"

"ሳማ፣ አትጀምሪኝ።"

"ምን ብለህ ነው ያልኩህ?"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ሰው እንዲሰማ አይደል እንዴ የጠራሃቸው?"

"ስሚኝ" አለ ድምፁን አፍኖ። "ይሄ ሰውዬ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ምክትሉን የሚመርጠው እሱ ነው። እናንተ ማሳ ላይ ጥንቸል ይገኛል አሉ እያለ ስንት ጊዜ ነካካኝ። አንድ ከሰዓት ብቻ! አንድ ከሰዓት ላዝናናው ብል ምን ይጎልሻል? አይጥና ቆቅ ምንሽ ናቸው? አክስቶችሽ ናቸው?"

"የአባባ ቃል ነው።"

"አባባ አያይም።"

ይህን ያለው አባቴ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ይህንኑ ማሳ እያዞረ ያሳየው ልጅ ነው። እኔ ከኋላ በእግሬ እየተከተልኩ። ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ ዱላውን ነጥቄ አናቱን እለው ነበር፤ ወንድሜ ሆነና እጄን ሰበሰብኩ።

"እነግረዋለሁ" አልኩ።

"ንገሪው። ሐኪሙ ልቡ እንዴት እንደሆነ ሲናገር ሁለታችንም ነበርን። ሂጂ ንገሪውና፣ የሚሆነውን አንቺ ተሸከሚ።"

ጉድ እኮ ነው! ቃል የሚበላው እሱ፣ አባቴን የምገድለው እኔ። ሰው በጥፋቱ ማፈር ሲገባው፣ ጥፋቱን በአባቱ ደካማ ልብ ከድኖ ክዳኑን አንቺ ያዢልኝ ይላል። ክርኔን አስለቀቅኩና ወደ ማሳው ሄድኩ።

እስከዚያ ኮምባይነሩ አብዛኛውን ጨርሶ ነበር። መሀል ላይ የቀረችው ስንዴ ከእኛ ሳሎንና ከአባባ ክፍል አትበልጥም። ነፋስ የለም፤ እሷ ግን ትንቀሳቀሳለች። እዚህ ጋ ትወዛወዛለች፣ እዚያ ጋ ጸጥ ትላለች፣ ደግሞ እንደገና። ከላይ ጭልፊት ያንዣብባል። ሽመላዎች በታጨደው ላይ ፌንጣ ይለቅማሉ። እነሱን አልወቅስም፤ ምሳቸው ነው፣ ለአለቃ ብለው አይደለም። እንግዶቹ ዙሪያውን ተዘርግተው ቆሙ። አንዱ እጁ ላይ ምራቁን እንትፍ ብሎ ዱላውን ሲጨብጥ ሳየው የተማረ ሰው አልመስል አለኝ። አለቃው ወደ ሌሎቹ ዞሮ "የመጀመሪያው የእኔ ነው፣ እንዳትቀድሙኝ" ሲል ሁሉም ሳቁ፤ ከሁሉም ረዝሞ የሳቀው ወንድሜ ነው።

በመሀላቸው አልፌ ስንዴው ውስጥ ገባሁ። ገባሁና መሀሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ምን አስቤ እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ንግግር አላዘጋጀሁም። ውጭ ቆሜ ልይ ወይስ ቤት ገብቼ እጅጌ ልግጠም የሚለው ብቻ ነበር ምርጫዬ፤ ሁለቱም አንገሸገሸኝ።

ስንዴው ውስጥ ሲቀመጡ ዓለም ጠባብ ነች። ዛላው ከራሴ በላይ ነው። ሙቀቱ ምድጃ አጠገብ የተቀመጥኩ ያህል ነው፤ ገለባና ላብ ይሸታል፣ የእኔም የእነሱም። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ከዚያ ዓይኔ ሲለምድ፣ አጠገቤ ያለው መሬት ሁሉ ዓይን ሆኖ አገኘሁት። ቆቋ ጫጩቶቿን ክንፏ ሥር ሰብስባ ምንቃሯን ከፍታ ትተነፍሳለች። ከእሷ አንድ ክንድ ሳይርቅ ጥንቸል ጆሮዋን ጀርባዋ ላይ አስተኝታ ለጥ ብላለች፤ አንድ ግልገል ከሆዷ ሥር አለ። አይጦቹ ብዙ ናቸው፣ አንዱ በአንዱ ላይ። እንቁራሪት አለች። እንሽላሊት አለ። ፋሮም አለ፣ ያ ዶሮዎቼን የፈጀ ሌባ፣ ፊቱን አወቅኩት። ከፋሮው እግር ሥር ደግሞ ቡናማ እባብ ተጠምጥሟል።

እባብ እፈራለሁ። በሌላ ቀን ቢሆን ጩኸቴ ከተማ ይሰማ ነበር። እባቡ ግን ለእኔ ጊዜ አልነበረውም። ለአይጦቹም ጊዜ አልነበረውም፤ አፉ ሥር ናቸው፣ ዞር ብሎ አላያቸውም። ፋሮው እባቡን አላየውም። በይውም ተበይውም ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ ነው የተቀመጠው፤ ወደ ሞተሩ ድምፅ። አምላክ ለእያንዳንዱ የየራሱን ጠላት ሰጥቶታል፤ ያን ጠላቱን ለአንድ ከሰዓት ረስቶ ጎን ለጎን የተቀመጠው ከእሱ የባሰ መምጣቱን ስላወቀ ነው። የባሰው ደግሞ ማን ነው? የእኔው የእናቴ ልጅ፣ ባለ ዲፕሎማው። በጣም አፈርኩ። እዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ በአይጥ ፊት አፈርኩ።

ውጭ ድምፅ ተነሳ።

"ምንድን ነው? ሴትዮዋ ምን ሆና ነው?"

"እህቴ ናት" አለ ወንድሜ። "ትወጣለች፣ አሁን ትወጣለች። ሳማ! ውጪ!"

"አልወጣም።"

"ሰው ፊት አታዋርጂኝ፣ ውጪ!"

"ያዋረድከው አንተ ነህ። ከማሳው በታች፣ በወንዙ በኩል ያሉትን ሰዎች ከዚያ አንሳቸውና መንገድ ክፈት። ሁሉም ይሂድ። ከዚያ እወጣለሁ።"

አንዱ እንግዳ "ጥንቸሏ ትናገራለች እንዴ!" አለ፤ ሳቁ ዙሪያውን ዞረ። ባለ ኮምባይነሩ ያን ጊዜ ሞተሩን አጠፋ። መሰላሉን ወርዶ መሬት ላይ ሲቆም በዛላዎቹ መሀል እግሩ ይታየኝ ነበር።

"ሰው ባለበት አልገባም ጌታዬ" አለ።

"ትወጣለች አልኩህ እኮ!"

"ስትወጣ እገባለሁ።"

ሁሉም እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ደቂቃ ብቻውን ቢሆን፣ ምናልባት እየተሳደበ ገብቶ እጄን ይዞ ያወጣኝ ነበር፤ ተጨቃጭቀን ተኳርፈን እንታረቅ ነበር። ግን ብቻውን አልነበረም። አለቃው ኪሱ ውስጥ ምንም የሌለበትን ሰደርያውን እየጎተተ እንዲህ አለው፦

"አንተ ቢሮ ውስጥ ያን ሁሉ ሰው አዛለሁ ትለኛለህ፤ የቤትህን ሰው አታዝም እንዴ?"

ይህችው ናት። ሌላ ምንም አላለም። ወንድሜን ለማበላሸት ይህችው በቃችው።

መሰላሉ ላይ የከተማ ጫማ ሲወጣ ሰማሁ። ወንድሜ ጎረምሳ ሳለ ትራክተር ነድቷል፣ ማሽን አያስፈራውም። ሞተሩ ተነሳ። ባለ ኮምባይነሩ "ኧረ ጌታዬ! ኧረ ተዉ!" ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ከሞተሩ ድምፅ በቀር ምንም አልሰማሁም። ማጨጃው መሽከርከር ጀመረ። ወደ እኔ መጣ።

ሊያስፈራራኝ ነው ብዬ አሰብኩ። አሁን ይቆማል አልኩ። አሁን። ስንዴው ከፊቴ ዓይኔ እያየ ይታጠፍና ይጠፋል፤ ከመታጠፉ በፊት ያለው ብርሃን ይታየኛል፣ ከጀርባው የብረት ጥርስ ይታየኛል። መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም፤ ጀግና ሆኜ አይደለም፣ እውነቱን ልናገር፣ ማመን አቅቶኝ ነው። ወንድሜ እኮ ነው! ጉንጬን የሚቆነጥጠው። ይህን እያልኩ ጉልበቴ ላይ ተደግፎ የነበረው ዛላ ከጉልበቴ ላይ ተነጥቆ ሄደ።

ከዚያ ቆመ። ሞተሩ ጠፋ።

በእኔና በማሽኑ መሀል ምንም ስንዴ የለም። ቀና ብዬ አየሁት። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ከላይ ወደ ታች ያየኛል፤ ፊቱ ደም የለውም። እኔም አየዋለሁ። እንግዶቹ ከየቆሙበት ተጠራርተው መጡ፤ ከዙሪያው ለቀው ሁሉም በአንድ በኩል ተጠጋግተው አንገታቸውን አሰገጉ። ማን ቀድሞ ይናገር ይሆን ብለው ይጠብቃሉ። ሰው መቼም ጠብ ይወዳል።

ያን ጊዜ ነው የተነሱት። ቆቋ መጀመሪያ፤ አልበረረችም፣ ጫጩቶቿን አስከትላ በእግሯ ነው የወጣችው። አይጦቹ እንደ ፈሰሰ ጥራጥሬ ተበተኑ። ፋሮው ሄደ። እባቡ በቀሚሴ ጫፍ አጠገብ እየተንሸራተተ ሄደ። የሰዎቹ እግር መሀል ነው ያለፉት፣ በዱላዎቹ ሥር። ዱላ ያነሳ ግን የለም። ጥንቸሏ ግልገሏን አስከትላ በአለቃው አዲስ ጫማ ላይ ልትወጣ ስትል፣ ሰውዬው ገበያ ውስጥ እቃ ለተሸከመ ሰው መንገድ እንደሚለቅ እግሩን ዞር አደረገላት። ዓይኑን ከእኔና ከወንድሜ ላይ አላነሳም። እንዳያመልጠው ፈርቶ!

ለዚያች ጥንቸል ያን ሁሉ መንገድ መጥቷል። ወንድሜ ለዚያች ጥንቸል ቃሉን በልቷል፣ ማሽን እኔ ላይ ነድቷል። ጫማውን ነክታው ስታልፍ አላያትም። ሳቄ መጣ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ሊዞርብኝ ሲል ጥርሴን ነክሼ ተነሳሁና ቀሚሴን አራገፍኩ።

ከኋላዬ የቀረውን ስንዴ በዱላ ሲደበድቡ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ አለቃው "ምንም የለም እኮ እዚህ! አይጥ እንኳ የለም! በከንቱ ነው ያደከምከን" አለ። መኪኖቹ የተነሱት ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ሳልጨርስ ነበር።

ፊቴን ታጥቤ አባባ ክፍል ስገባ ወንድሜ ቀድሞኝ ገብቷል። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ትናንት የተቀመጠበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። ገለባ ፀጉሩ ላይ ነበር።

"እንዳልከው ነው አባባ" ይለዋል። "ከመሀል ነው የከፈትነው። ሁሉም በሰላም ወጥተዋል።"

አባባ እጁን ዘርግቶ የወንድሜን ራስ ፈለገ፣ አገኘው። "ተባረክ" አለው። "የቃልህ ሰው ሁን። ልጆችህ ቃል አክባሪ ይሁኑልህ።" እየመረቀው ነው። ወንድሜም አንገቱን ሰብሮ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እያየሁት፣ ምርቃቱን ይቀበላል።

ስለ ልቡ አላሰብኩም አልልም። አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጃርትና በረዶ፣ ድርቅና የእናቴን ሞት የቻለ ሰው ነው፤ በውሸት ተደግፎ የሚቆም ከሆነ ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩ። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ነበር።

"አባባ፣ ይዋሻል" አልኩ። "ከዳር ወደ መሀል ነው ያሳጨደው፣ አለቃውን በዱላ አደን ሊጋብዝ። እኔ መሀሉ ላይ ስቀመጥበት ኮምባይነሩን ራሱ ይዞ መጣብኝ።"

አባባ እጁን ከወንድሜ ራስ ላይ አላነሳም። እዚያው አቆየው።

"እውነት ነው?"

"አባባ፣ ቆሜያለሁ እኮ! አቁሜዋለሁ! አልነካትም!" ወንድሜ በእኔ ተቆጥቶ ነበር፤ ማቆሙ ያልተመሰገነለት ሰው ቁጣ ነው።

"የት ደርሰህ ነው ያቆምከው?"

ወንድሜ ሁለት እጁን አነሳና በመሀላቸው ያለውን ክፍተት ሊያሳየው ሞከረ። ከዚያ አባባ እንደማያይ ትዝ አለው መሰለኝ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አወረዳቸው። ያን ክፍተት በቃል መናገር አቃተው።

አባባ ሌላኛውን እጁን ወደ በሩ ዘረጋ፤ ቀርቤ ያዝኩለት። እጄን ይዞ አላበቃም። ክንዴን፣ ትከሻዬን፣ ፊቴን ዳሰሰ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን፣ ቁርጭምጭሚቴን፣ አንዱን እግር ከዚያ ሌላውን፤ ከዛፍ የወደቀ ሕፃን እንደሚመረመር አንድ በአንድ መረመረኝ። ቀኑን ሙሉ ያላለቀስኩት ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው።

"እንግዶች ነበሩ አባባ" አለ ወንድሜ በቀጭን ድምፅ። "እንግዳ ፊት ሆኖብኝ ነው።"

"እንግዶቹስ የት አሉ?"

"ሄዱ።"

"እህትህስ?"

ወንድሜ ከማሽኑ ከወረደ ጀምሮ አላየኝም ነበር። አሁን ቀና ብሎ አየኝ።

"አለች" አለ።

መኖሬን ከእሱ አፍ መስማቴ ራሱ አንገበገበኝ።